ብስባሽ የሚያጸዳው አፈር፣ ብስባሽ የማያጸዳው አፈር

አዲስ አበባ ውስጥ ወደ የትኛውም የቆየ ጋራዥ ግቡና መሬቱን እዩት። ሲሚንቶ ያልፈሰሰበት ቦታ ላይ አፈሩ ጠቁሯል። ሲረገጥ ጫማ ሥር ይለጠፋል። ውሃ ቢደፋበት ቶሎ አይሰርግም፣ ላዩ ላይ ተንከባሎ ይሄዳል። በእንጨት ጫር ብታደርጉት ከሥሩም ያው ጥቁር ነው፤ የዘይት ሽታው ይወጣል። ይህ አፈር የተቃጠለ ዘይት፣ ናፍጣና የፍሬን ዘይት ሲጠጣ ዓመታት አልፈዋል። ክረምት ሲገባ ላዩ በጎርፍ ይታጠብና ወደ ቱቦ፣ ከቱቦ ወደ ወንዝ ይወርዳል።

ጋራዡ አንድ ቀን ይነሳል። ቦታው ለሌላ ሥራ ይሰጣል። አፈሩ ወይ እዚያው ይቀራል፣ ወይ በገልባጭ ተጭኖ ሌላ ቦታ ይደፋል። ሁለተኛውን ብዙ ሰው እንደ ጽዳት ይቆጥረዋል። ብክለቱ ግን ሰፈር ቀየረ እንጂ አልጠፋም። በኮሪደር ልማቱና በወንዝ ዳርቻ ሥራው ምክንያት ብዙ ቦታ እየተቆፈረ ባለበት በዚህ ጊዜ፣ ስለሚነሳው አፈር ማሰብ ቅንጦት አይመስለኝም።

እንዲህ ያለውን አፈር በእውነት ማጽዳት ይቻላል ወይ? ብዙውን ጊዜ ይቻላል። አንደኛው መንገድም ገበሬዎቻችን ጠንቅቀው የሚያውቁት ነው። እበት፣ ገለባ፣ ውሃና አየር። ማለትም ብስባሽ፣ ወይም ብዙዎቻችን እንደምንለው ኮምፖስት። ነገር ግን ይህ መንገድ የሚሠራበትና የማይሠራበት ቦታ አለው። ልዩነቱን ሳያውቁ መጀመር ገንዘብን ብቻ ሳይሆን የሰው ጤናንም ያስከፍላል። ከዚህ በታች የማነሳቸው ዓመታት ሁሉ፣ ሌላ ካላልኩ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፈንጂ የበላው ክምር

ስለዚህ ጉዳይ አንድ ታሪክ ብቻ ንገረኝ ብባል የምናገረው የኡማቲላን ነው።

ኡማቲላ በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት፣ ኸርሚስተን ከምትባል ከተማ አጠገብ የነበረ የጦር ሠራዊት ዴፖ ነው። እዚያ ያረጁ ቦምቦችና የመድፍ ጥይቶች እየተከፈቱ በውስጣቸው ያለው ፈንጂ በሙቅ ውሃና በእንፋሎት ይታጠብ ነበር። እጣቢው የሚደፋው ደግሞ ከሥራቸው ምንም ባልተነጠፈባቸው ሁለት ኩሬዎች ነበር። ከ1950ዎቹ እስከ 1965 ድረስ ወደ 320 ሚሊዮን ሊትር የሚጠጋ እጣቢ ፈሰሰባቸው። ውሃው ወደ መሬት ሰረገ። ቲኤንቲ፣ አርዲኤክስና ኤችኤምኤክስ የተባሉት ፈንጂዎች አፈሩ ውስጥ ቀሩ፤ ከዚያም አልፈው የከርሰ ምድር ውሃ ደረሱ።

በጊዜው የተለመደው መፍትሔ አፈሩን ቆፍሮ አውጥቶ በከፍተኛ ሙቀት ምድጃ ማቃጠል ነው። ይህ ይሠራል። ግን ውድ ነው፣ ብዙ ነዳጅ ይበላል፣ ከምድጃው የሚወጣውም ምንም የማይበቅልበት የሞተ አፈር ነው። ስለዚህ በ1990ዎቹ ሌላ ነገር ተሞከረ። የተበከለው አፈር ከላም እበት፣ ከዶሮ ኩስ፣ ከአልፋልፋ፣ ከሰጋቱራና ከድንች ተረፈ ምርት ጋር ተደባለቀ። አካባቢው ድንች አምራች ስለሆነ ተረፈ ምርቱ በሽ ነው። ከድብልቁ ውስጥ አፈሩ 30 ከመቶ ያህል ብቻ ነበር። ቀሪው የረቂቅ ተሕዋስያን ቀለብ ነው።

ድብልቁ እንደ ረጅም ግንብ ተከምሮ በማሽን እየተገላበጠ ተያዘ። ክምሩ ጋለ። ወደ 40 ቀን ገደማ ሲሆነው በሙከራው ላይ የተለካው የቲኤንቲና የአርዲኤክስ መጠን ከ99 ከመቶ በላይ ቀንሶ ተገኘ። ኤችኤምኤክስ ደግሞ ወደ 97 ከመቶ። የተቀመጠው ግብ በአንድ ኪሎ አፈር ውስጥ ከ30 ሚሊግራም የማይበልጥ ቲኤንቲና ከ30 ሚሊግራም የማይበልጥ አርዲኤክስ ነበር። ክምሩ ከዚያም በታች ወረደ። ሙከራው ወደ ሙሉ ሥራ ተሸጋግሮ ከ10,000 ቶን በላይ አፈር በዚሁ መንገድ ታከመ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ከማቃጠል ጋር ሲነጻጸር ወደ 2.6 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደዳነ አስልቷል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ እኔን የሚገርመኝ በልዩ ላቦራቶሪ የተራባ፣ በጠርሙስ የተሸጠ ባክቴሪያ አለመኖሩ ነው። ተሕዋስያኑ ከእበቱና ከራሱ ከአፈሩ የመጡ ናቸው። ሰዎቹ ያደረጉት ምግብ፣ እርጥበትና አየር መስጠት፣ ሙቀቱን መከታተልና መለካት ነው። መለካቱ ላይ አስምሩበት፣ ወደኋላ እመለስበታለሁ።

ተሕዋስያኑ ምን እያደረጉ ነው?

አፈር ሕይወት አለው። አንዲት የሻይ ማንኪያ ጤነኛ አፈር ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች በመቶ ሚሊዮኖች ይቆጠራሉ፤ አንዳንዴም ቢሊዮን ይደርሳሉ። እነዚህ ፍጥረታት ሥራቸው መብላት ነው። ቅጠሉን፣ ገለባውን፣ የሞተውን ሥር ይሰባብሩታል። ለመሰባበር የሚያመነጩት ኢንዛይም ይባላል። ለእኛ መርዝ የሆነው ነገር አብዛኛው የካርቦን ሰንሰለት ወይም ቀለበት ስለሆነ፣ ለእነሱ በመጠኑ ከቅጠሉ ጋር ይመሳሰልባቸዋል።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ነገር አለ። የመጀመሪያው ብክለቱ ራሱ ምግብ ሲሆን ነው። ናፍጣ፣ ቤንዚንና ዘይት እንዲህ ናቸው። እነዚህን የሚበሉ ባክቴሪያዎች በየቦታው አሉ፤ በተለይ ዘይት ለረጅም ጊዜ በፈሰሰበት አፈር ውስጥ ተራብተው ይገኛሉ። ታዲያ ለምን አይጨርሱትም? ምክንያቱም ዘይት ካርቦንና ሃይድሮጂን ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ባክቴሪያ ለመራባት ናይትሮጂንና ፎስፈረስም ይፈልጋል። በባለሙያዎች ዘንድ የተለመደው መነሻ ለ100 እጅ ካርቦን 10 እጅ ናይትሮጂንና 1 እጅ ፎስፈረስ የሚለው ነው። ከዚያ በላይ አየር ያስፈልጋል። ዘይት የጠጣ አፈር ደግሞ ተጠቅጥቆ አየር አያስገባም። እበቱ ናይትሮጂኑን ያመጣል፣ ገለባው አፈሩን ያላላዋል። ሥራው ያኔ ይጀመራል።

ሁለተኛው ቲኤንቲን የመሰለው ነው። ተሕዋስያኑ እሱን እንደ ዋና ምግብ አይበሉትም። የሚበሉት ድንቹንና አልፋልፋውን ነው። ያንን ሲበሉ የሚያመነጩት ኢንዛይም ግን ቲኤንቲውንም መንገድ ላይ ይለውጠዋል። የተለወጠው ነገር ደግሞ ከብስባሹ ጥቁር ክፍል ጋር ተጣብቆ ይቀራል፤ በቀላሉ በውሃ አይወሰድም። እንግዲህ ሙሉ በሙሉ ወደ አየርና ውሃ ተለወጠ ማለት አይደለም። ታስሮ ተቀመጠ ማለት ነው። ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም። ስለዚህ ነው ጥንቃቄ ያለው ባለሙያ የመርዙን መጠን ለክቶ ብቻ የማይረካው፤ ከክምሩ የሚወጣው እጣቢ ሕይወት ላለው ነገር መርዛማ መሆን አለመሆኑንም ይፈትሻል።

ፈንገሶችም አሉ። የወደቀ ግንድ ላይ የሚበቅሉና እንጨቱን ነጭ አድርገው የሚያበሰብሱ ፈንገሶች የእንጨትን ጠንካራ ክፍል የሚሰባብር ኢንዛይም አላቸው። ይኸው ኢንዛይም ሌሎች ጠንካራ መርዞችንም እንደሚነካ በ1980ዎቹ በላቦራቶሪ ታይቷል፤ ከእነሱም አንዱ ዲዲቲ ነው። በላቦራቶሪ የሠራው ሁሉ ግን ሜዳ ላይ አይሠራም። ፈንገሱ አፈር ውስጥ ከነባሮቹ ባክቴሪያዎች ጋር ተሻምቶ መኖር አለበት፤ ብዙ ጊዜም ይሸነፋል።

በጠርሙስ የሚሸጠው ባክቴሪያ

ዘይት የሚበላ ባክቴሪያ እንሸጣለን የሚሉ ኩባንያዎች በዓለም ላይ ብዙ ናቸው። አንዳንዱ ምርት ይጠቅማል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ችግሩ የባክቴሪያ እጥረት አይደለም።

በማርች 1989 ኤክሰን ቫልዲዝ የተባለችው መርከብ አላስካ ውስጥ ከዓለት ጋር ተጋጭታ ወደ 40 ሚሊዮን ሊትር ድፍድፍ ነዳጅ ባሕር ላይ ፈሰሰ። ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ በሚሆን የባሕር ዳርቻ ላይ የተረጨው መድኃኒት ባክቴሪያ ሳይሆን ማዳበሪያ ነው። ናይትሮጂንና ፎስፈረስ ማለት ነው። ነባሮቹ ባክቴሪያዎች ያንን ሲያገኙ ዘይቱን መብላት አፋጠኑ። ከውጭ የመጡ የባክቴሪያ ምርቶችም ተሞክረው ነበር፤ ከማዳበሪያው የተለየ ጥቅም አላሳዩም።

የአናንዳ ቻክራባርቲም ነገር አለ። ይህ የጄኔራል ኤሌክትሪክ ተመራማሪ ድፍድፍ ነዳጅ የሚሰባብር ባክቴሪያ በላቦራቶሪ ሠራ። በ1980 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ የባለቤትነት መብት ሊሰጠው እንደሚችል ወሰነ። በሕግ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ውሳኔ ነው። ባክቴሪያው ግን ሜዳ ወርዶ ነዳጅ የማጽዳት ሥራ ላይ አልዋለም። ስለዚህ አንድ ሰው መጥቶ "ይህን ብትረጩበት አፈራችሁ በሳምንት ይጸዳል" ካላችሁ፣ መጀመሪያ የላቦራቶሪ ውጤት ጠይቁት።

ኦጎኒ፦ ሥራው ተሠራ የተባለበት መሬት

ኡማቲላ ቁጥጥር ባለበት ቦታ የተሠራ ሥራ ነው። በናይጄሪያ ኒጀር ዴልታ፣ ኦጎኒ በሚባለው አገር የሆነው ግን ሌላ ነው። ለእኛ ለአፍሪካውያን የኦጎኒ ትምህርት እንዲያውም ከኡማቲላው ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

ኦጎኒ ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ነዳጅ ከቧንቧና ከጉድጓድ እየፈሰሰ እርሻውንና የወንዙን ዳር አበላሽቷል። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም ከ200 በላይ ቦታዎችን አጥንቶ በኦገስት 2011 ሪፖርት አወጣ። ኒሲሲዮከን ኦጋሌ በተባለ መንደር ሰዎች ከሚጠጡት የጉድጓድ ውሃ ውስጥ ቤንዚን (benzene፤ ለመኪና የሚቀዳው ቤንዚን ሳይሆን) የተባለው ካንሰር አምጪ ኬሚካል ተገኘ። መጠኑ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው ጣሪያ ከ900 ጊዜ በላይ ነበር። አካባቢውን ሙሉ በሙሉ ለመመለስ ከ25 እስከ 30 ዓመት ሊፈጅ እንደሚችል፣ ለመጀመሪያዎቹ ዓመታትም 1 ቢሊዮን ዶላር እንደሚያስፈልግ ሪፖርቱ ገለጸ።

ከሪፖርቱ ውስጥ ለዛሬው ርእሳችን ዋናው ክፍል ግን ብዙም የማይነሳው ነው። ሼል የተባለው ኩባንያ ብዙ ቦታዎችን እዚያው ባሉበት በተሕዋስያን ሲያጸዳ ቆይቶ ነበር። ዘዴው ቀላል ነው። የላዩን አፈር ማረስ፣ ማዳበሪያ መጨመር፣ መተው። አጥኚዎቹ በኩባንያው መዝገብ ላይ "ጽዳቱ ተጠናቋል" የተባሉ 15 ቦታዎችን ፈተሹ። በ10ሩ ላይ ብክለቱ ራሱ ኩባንያውና መንግሥት ካስቀመጡት ገደብ በላይ ሆኖ ተገኘ።

ለምን? ምክንያቶቹ ጥርት ያሉ ናቸው። ነዳጁ ወደ ታች ዘልቋል፤ በብዙ ቦታ 5 ሜትርና ከዚያ በላይ ጥልቀት ላይ ተገኝቷል። የሚታረሰው ግን ላዩ ብቻ ነው። አየር የማይደርስበት ቦታ ያለ ባክቴሪያ ዘይት ቶሎ አይበላም። አካባቢው ዝናባማ ነው፤ ክምሩ ሳይሸፈን ሲቀር ዝናቡ ነዳጁን አጥቦ ወደ ወንዝና ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ይወስደዋል። በሐሩሩ ደግሞ ቀለል ያለው የነዳጅ ክፍል ተንኖ ይሄዳል። ያኔ አፈሩ ውስጥ ያለው መጠን ቀነሰ ተብሎ ይመዘገባል። የቀነሰው ግን ባክቴሪያ በልቶት ሳይሆን ወደ አየር ሄዶ ነው።

በኡማቲላ የተበከለው አፈር ተቆፍሮ ወጥቷል፣ ተደባልቋል፣ ተገላብጧል፣ በየጊዜው ተለክቷል። በኦጎኒ ላዩ ታርሶ ተዘጋ። ሁለቱም በወረቀት ላይ "በተሕዋስያን ማጽዳት" ይባላሉ።

የቁጥር ማታለያ

ስለ ብስባሽ ስናወራ ልናውቀው የሚገባ ሌላ ነገር አለ። አንድ ባልዲ የተበከለ አፈር ከሁለት ባልዲ እበትና ገለባ ጋር ብትደባልቁ፣ በዚያው ቅጽበት፣ አንድም ባክቴሪያ ሥራ ሳይጀምር፣ የመርዙ መጠን በኪሎ ሲለካ በብዙ ይቀንሳል። መርዙ ግን ሁሉም አለ። ስለዚህ ትክክለኛው ንጽጽር ከመደባለቁ በፊትና መጨረሻ ላይ አይደለም፤ ከተደባለቀ በኋላ በመጀመሪያው ቀንና መጨረሻ ላይ ነው። ጠቅላላ ክብደቱም መቆጠር አለበት፤ ክምሩ ሲበሰብስ ራሱ ይቀንሳልና። ይህን የማያሳይ ሪፖርት የጽዳት ሪፖርት አይባልም። ናሙናም ከአንድ ቦታ ብቻ አይወሰድም። የክምሩ ዳር ከመሃሉ፣ ላዩ ከታቹ ይለያል።

እርሳስ የሚበላ ባክቴሪያ የለም

እስካሁን ያወራነው ስለሚሰባበር ነገር ነው። ብረት አይሰባበርም። እርሳስ፣ ካድሚየም፣ ክሮምየም፣ አርሰኒክ የመሳሰሉት ንጥረ ነገር ናቸው። የትኛውም ክምር ቢጋል፣ የትኛውም ፈንገስ ቢበቅልበት፣ የገባው እርሳስ በሙሉ እዚያው ይቀራል።

በ2010 ናይጄሪያ ዛምፋራ ግዛት ውስጥ ከ400 በላይ ሕፃናት በእርሳስ ተመርዘው ሞቱ። ወላጆቻቸው ወርቅ ያለበትን ድንጋይ በየግቢያቸው እየፈጩ ነበር፤ ድንጋዩ እርሳስ ነበረበት። አቧራው ልጆቹ የሚጫወቱበት መሬት ላይ ተነጠፈ። እዚያ መፍትሔው ብስባሽ አልነበረም። የግቢው አፈር ተቆፍሮ ተነስቶ ተቀበረ፣ በምትኩ ንጹሕ አፈር ገባ። ልጆች የሚድሁበት ቦታ ላይ እርሳስ ካለ ሌላ ምርጫ የለም።

ብስባሽ ለብረት ምንም አይጠቅምም ግን አልልም። አንዳንዱን ብረት ይዞ ያስቀራል፤ ተክሉ በቀላሉ እንዳይስበው ያደርጋል። ክሮምየምን በተመለከተ ደግሞ አደገኛውን ዓይነት አደጋው ወደሚያንስ ዓይነት ለመለወጥ ይረዳል። የታሰረ ነገር ግን ሊፈታ ይችላል። የአፈሩ አሲድነት ቢጨምር ወይም ብስባሹ ራሱ ከጊዜ በኋላ ቢያልቅ ብረቱ መልሶ ሊለቀቅ ይችላል።

ይህ ነገር ወደ አቃቂ ያመጣናል። ትንሹና ትልቁ አቃቂ ወንዞች አዲስ አበባን አቋርጠው ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ሲወርዱ የቆዳ ፋብሪካውን፣ የጋራዡን፣ የቤቱን ሁሉ እጣቢ ተሸክመው ነው። በዚያው ውሃ የሚለማ ቆስጣ፣ ሰላጣና ጎመን ወደ ገበያ ይመጣል። በአፈሩና በአትክልቱ ውስጥ ከባድ ብረቶች መኖራቸውን የሚያሳዩ ጥናቶች ለዓመታት ሲወጡ ቆይተዋል። ቅጠላ ቅጠል አትክልት ከሌሎቹ ይልቅ ካድሚየምን የመሳብ ጠባይ አለው። እዚያ ያለው ገበሬ ብስባሽ ቢጨምር ምርቱ ይሻሻላል፤ የተወሰነው ብረትም ይያዝለታል። መሬቱ ጸዳ ማለት ግን አይቻልም። ከላይ የሚመጣው እጣቢ ካልቆመ ደግሞ የሚጸዳ ነገር የለም፤ በየክረምቱ አዲስ ይመጣል።

የወንዝ ዳርቻው ልማት 56 ኪሎ ሜትር እንዲሸፍን ታስቦ በ2019 ሲጀመር ብዙዎቻችን ደስ ብሎናል። ዛፍና መናፈሻ ጥሩ ነው። እኔ አብሮ እንዲመጣ የምፈልገው የአፈር ካርታ ነው። የትኛው ዳርቻ ዘይት አለበት? የትኛው ክሮምየም? የትኛው እርሳስ? ይህ ሳይታወቅ የትኛው አፈር በብስባሽ እንደሚታከም፣ የትኛው ተነስቶ እንደሚቀበር መወሰን አይቻልም።

የፀረ ተባይ መርዝንም እዚሁ ላንሳው። ኢትዮጵያ ውስጥ ጊዜው ያለፈበት ፀረ ተባይ ለዓመታት በየመጋዘኑ ተከማችቶ፣ በርሜሉ ዝጎ ወደ መሬት ሲንጠባጠብ ነበር። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከ1,000 ቶን በላይ የሚሆነው ታሽጎ ወደ ፊንላንድ ተጭኖ በልዩ ምድጃ ተቃጠለ። ትክክለኛ ውሳኔ ነበር። እንዲህ የተከማቸ መርዝ ክምር ውስጥ ቢገባ ተሕዋስያኑን ራሳቸውን ይገድላል። ብስባሽ ሊታሰብ የሚችለው ፍንጣሪው ለደረሰበት ቀላል ብክለት፣ ያውም ከሙከራ በኋላ ነው።

እኛ ከየት እንጀምር?

እኔ ብጠየቅ ከጋራዥ እላለሁ። ምክንያቱም ዋናው ብክለት ዘይት ነው፣ ቦታው የታወቀ ነው፣ መጠኑ የሚቻል ነው፣ የሚያስፈልገው ግብአትም እጃችን ላይ አለ።

እውቀቱም አለ። በትግራይ ከ1996 ጀምሮ ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔርና ሱ ኤድዋርድስ ከገበሬዎች ጋር የጀመሩት የብስባሽ ሥራ ወደ ሌሎች አካባቢዎችም ተሠራጭቷል። ዛሬ የልማት ሠራተኛው ሁሉ ያውቀዋል። ክምሩ መሃል ረጅም እንጨት ይሰካል። ከቀናት በኋላ ተነቅሎ በእጅ ይዳሰሳል። ሞቅ ብሎ እርጥበት ካለው ሥራው እየሄደ ነው። ደርቆ ነጭ ነገር ከያዘ ውሃ ይፈልጋል። ከሸተተ ውሃው በዝቶ አየር አጥቷል፤ መገላበጥ አለበት። ዘይት ያለበት ክምርም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ የሚለየው እጅን በጓንት መሸፈኑና የላቦራቶሪው ምርመራ ነው።

ነገር ግን ቅደም ተከተሉ አለ። መጀመሪያ የሚፈሰው መቆም አለበት። የተቃጠለ ዘይት በርሜል ውስጥ ሲጠራቀም ገዢ አለው፤ ለግንባታ ፎርም ይቀባል፣ እንጨት ምስጥ እንዳይበላው ይቀባል። መሬት ላይ የሚደፋው ከቸልተኝነት ነው። የዘይት መቀየሪያው ሥር ሲሚንቶ ይፍሰስ። ይህ ከየትኛውም ጽዳት ይረክሳል።

ከዚያ ምርመራ። የነዳጁ መጠን ብቻ አይደለም የሚመረመረው፣ እርሳስና ዚንክም ጭምር። ጋራዥ ውስጥ ባትሪም ይከፈታል፤ የሞተር ዘይትም በውስጡ ዚንክ ያለበት ነው። እርሳሱ ከፍ ካለ ያ አፈር የብስባሽ እጩ አይደለም፤ ለብቻው መለየት አለበት። ይህን ምርመራ ዘሎ ወደ ክምሩ መሄድ፣ እርሳስ ያለበትን አፈር "የጸዳ" ብሎ ለሰው መስጠት ማለት ነው። ከሁሉ የምፈራውም ይህንን ነው።

ምርመራው ካለፈ ክምሩ ይሠራል። ሥሩ ወፍራም ላስቲክ ወይም ሲሚንቶ፣ ዙሪያው እጣቢውን የሚይዝ ቦይ፣ ላዩ ሸራ። የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ እንደ ኦጎኒ ዝናብ ሁሉ ነዳጁን አጥቦ ሊወስደው ይችላል። አፈሩ ከድብልቁ ሲሶ ባይበልጥ ጥሩ ነው። እበት፣ የጤፍ ገለባ፣ የቡና ገለባ፣ ሰጋቱራ፤ ከእነዚህ በየአካባቢው የማይጠፋ ነው። ናይትሮጂን ካነሰ ዩሪያ በጥቂቱ ይጨመራል፤ ሲበዛ ጨውነቱ ተሕዋስያኑን ይጎዳል። ከከተማ ቆሻሻ የተሠራ ብስባሽ ግን በዚህ ውስጥ ባይገባ ይሻላል። ባትሪና የተሰበረ አምፖል አብሮ የተፈጨበት ሊሆን ይችላልና፤ ብረት ልናስወግድ ባንችል እንኳ ልንጨምር አይገባም።

ጊዜው? ናፍጣ በወራት ውስጥ በደንብ ሊቀንስ ይችላል። የተቃጠለ ዘይት ይዘገያል። ትልልቅ ቀለበት ያላቸው ክፍሎቹ ከሁሉ በኋላ ነው የሚነኩት፤ ከእነሱ ውስጥ ደግሞ ካንሰር አምጪዎቹ ይገኛሉ። ጠቅላላ ዘይቱ ቀንሶ እነዚህ ሊቀሩ ስለሚችሉ ለብቻቸው መለካት አለባቸው።

ወጪውን ማን ይሸፍን የሚለው ላይ ሕጉ ዝም አላለም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 (ይህኛው በእኛ አቆጣጠር ነው) የበከለ ሰው እንዲያጸዳ ወይም የጽዳቱን ወጪ እንዲከፍል ያስገድዳል። ሁለት ቁልፍና አንድ ክሪክ ይዞ የሚሠራ መካኒክ ግን የላቦራቶሪ ወጪ ብቻውን ይከብደዋል። ለትልቁ ጋራዥና ለነዳጅ ማደያ ሕጉ በቀጥታ ይሥራ። ለትንንሾቹ ክፍለ ከተማው አንድ የጋራ ማከሚያ ቦታ ቢያዘጋጅላቸው፣ አፈሩ እዚያ ተሰብስቦ በአንድ ባለሙያ ቁጥጥር ሥር ቢታከም፣ ወጪውም ይቀንሳል፣ ቁጥጥሩም ይጠብቃል። የተባበሩት መንግሥታት አጥኚዎች ለኦጎኒ ያቀረቡትም ይህን የመሰለ የተማከለ የአፈር ማከሚያ ነበር።

የታከመው አፈር የት እንደሚሄድም ሥራው ሳይጀመር መወሰን አለበት። ውጤቱ ጥሩ ቢሆንም እንኳ ጎመን አይተከልበት፣ ልጆች የሚጫወቱበት ሜዳም አይልበስ። ለመንገድ ዳር ዛፍ፣ ለአበባና ለጌጥ ተክል፣ ለቆሻሻ መድፊያ መሸፈኛ ይበቃል። ከእያንዳንዱ ጭነት ጋር የምርመራ ውጤቱ ይሂድ፤ የት እንደተደፋም በክፍለ ከተማው መዝገብ ላይ ይስፈር።